ዋሱ ባሕር ማዶ ነው

ከአገሬ የወጣሁ ዕለት ምሽት እናቴ ያለዋስ አልለቅህም አለች።

ከብቶቹ ከግጦሽ ገብተው በረቱ ውስጥ ይጋፋሉ። እኔ ስንቄን በአቅማዳ ይዤ ልሰናበት ቆሜአለሁ፤ ወደ ጎንደር የሚያልፍ መኪና ወረታ ላይ ይጠብቀኛል፣ ቀኑም እየመሸ ነው። እሷ ግን የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛ መንገዱን ዘጋችው። ንግግሯም ለእኔ አልነበረም፤ ለአባቴ ነበር።

«በሬ ሲሸጥ እንኳ ዋስ ይጠራል» አለች። «ልጄን ይስማውን ወደማላውቀው አገር ስሰድ ያለዋስ ነው እንዴ? ይመለሳል ካሉ ዋስ ይጥሩልኝ።»

አባቴ ከመደቡ ተነሡ። ይፋግ ገበያ ለሰው ዋስ ሲቆሙ እንደሚያደርጉት ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«እኔ ዋስ ነኝ» አሉ። «ይመለሳል። ካልተመለሰ እኔን ያዥኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅኩ ነበር። ባል በገዛ ቤቱ፣ ለገዛ ሚስቱ፣ ስለ ገዛ ልጁ ዋስ ሲሆን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሊሸኙኝ ወደ መጡት ጎረቤታችን ወደ አያ ካሴ ዞር ብላ «ሰምተዋል?» አለቻቸው። «ሰምቻለሁ» አሉ። ያን ጊዜ እጇን ከመቃኑ አወረደች፤ እኔም የሁለቱንም ጉልበት ስሜ ወጣሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ የፎገራ ሰው አይደላችሁምና የዋስን ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱንና ሸኾናውን ካየ በኋላ «ዋስህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም የታወቀ ሰው ይጠራል። በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ፣ ወይም ቀንበር ሲጫንበት ከትልሙ መሐል የሚተኛ ቢሆን፣ ገዢው ሻጩን ፍለጋ ሲንከራተት አይውልም። ቀጥ ብሎ ወደ ዋሱ ደጅ ይሄዳል። ዋሱ ማሳ ላይ ቢሆን ሞፈሩን ጥሎ፣ ታሞም ቢሆን ተደግፎ ይነሣል። አላስታውስም ያለ ዋስ ከዚያ ወዲያ ማንም አብሮት ጽዋ አይጠጣም። አባቴ በዚህ ዓይነት ለብዙ ሰው ቆመዋል፤ አንድ ቀን እንኳ ሲጠሩ አልቀሩም። እስከ ቁሐር ሚካኤል ድረስ «አያ ፈንቴ ካሉበት» ከተባለ ሰው ሌላ ነገር አይጠይቅም ነበር።

ከአገሬ ያስወጣኝም ይኸው የዋስ ነገር ነው።

ካሚዮን እንግዛ ብለው የተነሡት አያ ካሴ ናቸው። ኑጋችንንና ጓያችንን በአህያ ጭነን ጎንደር እስክናደርስ ሌላው ቀድሞ ይሸጣል፤ አንድ ካሚዮን ቢኖረን እኮ ይህ ሁሉ ይቀራል አሉ። እኔ ጎንደር ከአንድ ነጋዴ ዘንድ መንዳት ተምሬ ተመልሼ ስለነበር ሹፌር አልጠፋም። ጥቂት ዘመዳሞችና ጎረቤታሞች ሆነን የፎገራ ላሞቻችንን ሸጥን። ላም መሸጥ ለእኛ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ የመጨረሻዋ ላም ስትነዳ ፊቷን አዙራ ነው የቆየችው።

ግዢው አስመራ ነው። አባቴ፣ አያ ካሴና እኔ ሄድን። ሻጩ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ አማርኛ አጣርቶ የሚናገር ሰው ነበር። ካሚዮኗን እየዞረ አሳየን፤ ጎማዋን መታ፣ በሯን ከፍቶ ዘጋ፣ ከሁሉ በላይ ግን ስለ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ደጋግሞ አወራ።

«የአምስት ዓመት ጋራንሲያ አላት» አለን። «ሌሎቹ አንድ ዓመት ነው የሚሰጡት። ይህ ፋብሪካ አምስት! ሞተሯ ወይም ካምቢዮዋ፣ ማለት የማርሿ ሳጥን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢሰበር በነጻ ይሠራል።»

«ዋስ አላት ማለት ነው?» አሉ አባቴ።

«አዎን አባቴ፣ ዋስ አላት።»

«ዋሱ ማን ነው?»

«ፋብሪካው።»

«ፋብሪካ ቤት ነው። ቤት ተነሥቶ አይመጣም። ሰውየውን ንገረኝ።»

ሻጩ እኔን አየኝ፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ እንደ መሳቅ ብሎ የመጽሐፏን የመጨረሻ ገጽ ገለጠ። እዚያ ላይ በሰማያዊ ቀለም የታተመ ፊርማ ነበር። «ይኸው፣ የፋብሪካው ኃላፊ። ኢንጅነር ቤልዶሪ ይባላል» አለ።

አባቴ ስሙን አስነበቡኝ። በመንገድ ላይም፣ ሊማሊሞን ስንወጣ ሳይቀር፣ እንዳልረሳው ደጋግመው አስባሉኝ። «ስሙ ታወቀ፣ አገሩ ታወቀ፣ እጁን አኑሯል» ይሉ ነበር። ወረታ ስንገባ ላም የሸጡት ሁሉ ካሚዮኗን ከበቧት። ከመሐላቸው አንዱ «ባሕር ማዶ ያለን ሰው ምን ብለን እንይዘዋለን?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው። አባቴም ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ለእሱ እኔ ዋስ ነኝ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ አባቴ አይተውት ለማያውቁት ለአንድ ኢጣልያዊ ኢንጅነር ወረታ ላይ ዋስ ሆኑ።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር። በሁለተኛው ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን እንደልማዳቸው ሲያለብሱት ካሚዮኗ ከነጭነቷ ዋልካ ውስጥ ገባች። ማርሽ ሳስገባ ከሥሬ ወፍጮ የተነሣ ይመስል የሚያንቋቋ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቢጮኽም ጎማው አልዞርም አለ። በበሬ ጎትተው አወጧት። በሬዎቹ ካሚዮን ሲስቡ ቆሜ አየሁ፤ ለዚህ ነው ላሞቻችንን የሸጥነው ብዬ ልናገር ከአፌ መለስኩት።

ዝናቡ ሲቆም የወረታው ቀጥቃጭ ካምቢዮውን ፈታው። ጥርሱ የረገፈ የብረት መንኮራኩር ከውስጡ አወጣ። እኛ ደስ አለን። ለምን ብትሉ፣ በእኛ አገር በሬ ገዝቶ የሞተበት ሰው ዋሱ ዘንድ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ቆዳውን ይዞ ነው የሚሄድ። ቆዳው ከታየ ክርክር የለም። አባቴ መንኮራኩሩን በጨርቅ ጠቅልለው «ይኸው ቆዳው» ብለው ሰጡኝ። ባለላሞቹም በአባቴ ላይ ዓይናቸውን ጥለው ነበር። ማንም ክፉ አልተናገረም፤ ግን ከቅዳሴ ስንወጣ ሰላምታው አጠረ። አባቴ ይህን ከበሽታ ይልቅ ይፈሩት ነበር። ለዚህ ነው «አስመራ ያለው እምቢ ካለህ ሰውየው ራሱ ዘንድ ትሄዳለህ» ያሉኝ፤ እናቴም ዋስ የጠየቀችው ይህን ሰምታ ነው።

አስመራ ያው ባለቅባቱ ሻጭ ተቀበለኝ። አሁን ግን ወንበር አላቀረበልኝም።

«በየሺህ አምስት መቶ ኪሎሜትሩ እዚህ እኛ ጋራዥ መጥታ ዘይት መቀየር ነበረባት» አለኝ። «መጽሐፉ ላይ ተጽፏል።»

«ከወረታ እዚህ ደርሳ ስትመለስ እኮ ሌላ ሺህ አምስት መቶ ሊሞላ ነው። ሥራዋ ዘይት ለመቀየር መመላለስ ብቻ ሊሆን ነው?»

«እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው።»

«እንግዲያ ኢንጅነር ቤልዶሪን አገናኘኝ።»

ሰውየው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሌሎቹንም ጠርቶ አሳቃቸው። ሲበቃው እንዲህ አለ፦ «እኛ ሻጭ ብቻ ነን፤ ጋራንሲያው የፋብሪካው ነው። ከፈለግህ ሂድና ጥራው።»

ሂድ አለኝ፤ ሄድኩ። ምጽዋ ወረድኩና ወደብ ላይ ሸክም ገባሁ። የምጽዋ ሙቀት ሰው የሚኖርበት አይደለም፤ ሐምሌ ላይ ጣና ዳር የሚነፍሰውን እርጥብ ነፋስ እያሰብኩ አለቀስኩ ብላችሁ ትሥቁብኛላችሁ፣ ግን አልቅሻለሁ። ኢጣልያንኛም እዚያው ከመርከበኞች ለቃቀምኩ። አንድ ቀን የመርከብ ወጥ ቤት ሰው ታሞ ሲቀር በእሱ ቦታ ድንች ልላጥ ገባሁ። ሱዌዝን በድንች ልጣጭ መሐል ነው ያለፍኩት። ባሕሩን ያየሁት ምሽት ምሽት ለጥቂት ጊዜ ነበር። ጣናን የማውቅ ሰው ውሃ አያስደነግጠኝም ብዬ ነበር፤ ጣና ግን ዳር አለው፣ ማዶ ጎጃም እንዳለ ታውቃለህ። ይህኛው ማዶ የለውም። አቅማዳዬን ትራስ አድርጌ ስተኛ መንኮራኩሩ ጆሮዬን ይወጋኝ ነበር።

ፋብሪካው ያለበት ከተማ በሰሜን ኢጣልያ ነው፤ ስሙ ይቅር። ኔቢያ የሚሉት ጉም አለ። የእኛ ጉም ጠዋት ከሜዳው ላይ ተነሥቶ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህ አያፍርም፣ ቀትር ላይም ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ሰዉ ሰላም ሳይባባል ይተላለፋል። መጀመሪያ ተጣልተው መስሎኝ ነበር።

ወደ ኩዌስቱራ፣ ማለት ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ሄድኩ። ሹሙ ብዕሩን አንሥቶ «ለምን መጣህ?» አለኝ።

«ሰው ልጠራ።»

«ዘመድህ ነው?»

«አይደለም፤ ዋስ ነው።»

ፊቱ በራ። «ኢጣልያዊ ዋስ አለህ? ለምን መጀመሪያውኑ አልነገርከኝም! ፈቃድ ለማግኘት የሚያስፈልግህ እሱ ነው።»

«የእኔ አይደለም፤ የካሚዮናችን ዋስ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። አሰበ አሰበና «እንግዲህ ካሚዮናችሁ መኖር ትችላለች፤ አንተ ግን ችግር አለብህ» አለኝ። ቢሆንም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለጥቂት ጊዜ የሚሆን ወረቀት ሰጠኝ።

ቤት ያከራየችኝ ሲኞራ ኤልዳ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። «አገራችሁ አንበሳ በየመንገዱ ነው አሉ» አለችኝ።

«ጅብ ነው ያለው ሲኞራ፤ እሱም ኪራይ አይጠይቅም።»

ያን ቀን ኪራይ ጨመረችብኝ። ማታ ግን ፖሌንታ የሚሉትን ከበቆሎ ዱቄት የተገነፋ ነገር አቀረበችልኝ። ገንፎ መስሎኝ መሐሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጌ ቅቤው እስኪመጣ ጠበቅሁ። ብዙ ጠበቅሁ። እሷም እንዲህ የምጠብቀው እየጸለይኩ መስሏት አንገቷን ደፍታ አብራኝ ጠበቀች።

ወደ ፋብሪካው የሄድኩት ጋቢዬን ለብሼ ነው፤ ዋስ ለመያዝ በኮት አይኬድም። ያቀረቡኝ መነጽር ያደረገ ሰው ዘንድ ነው። መጽሐፏን ሰጠሁት፤ በትሕትና ተቀበለኝ፣ ገለጠ፣ አነበበ።

«ተሽከርካሪው ውሃ ውስጥ ገብቷል?» አለኝ።

«እሷ አልገባችም፤ ውሃው ነው የመጣው። ፎገራ ላይ ክረምት ሲሆን ሁላችን ቤት ይመጣል።»

ያንን ጻፈ። ጨርቄን ፈትቼ መንኮራኩሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ስንት አገር አቋርጬ ያመጣሁት ቆዳ ነው። መነጽሩን አውልቆ አየውና ፊቱ ላይ ሐዘን የመሰለ ነገር አየሁ።

«ይህን ማን አወጣው?»

«የወረታው ቀጥቃጭ።»

«የፋብሪካው ፈቃድ አለው?»

«የማረሻችንን ብረት ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው።»

«ሲኞሬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ካምቢዮውን ያለፈቃድ የፈታ ሰው ካለ ጋራንሲያው በዚያው ሰዓት ይሞታል። ውሃውን ባልፍልህ እንኳ ይህን ማለፍ አልችልም። ባታመጣልኝ ይሻል ነበር።»

ወገኖቼ፣ ይህን ስሰማ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ። ክርክሩን ይቆርጥልናል ብለን የተሸከምነው ማስረጃ ነው ክርክሩን የቆረጠብን። አገሬ ላይ ቆዳውን ያላመጣ ሰው ውሸታም ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ቆዳውን ማምጣት ራሱ ጥፋት ነው። መንኮራኩሩን መልሼ ጠቀለልኩት።

ከደጅ ወጥቼ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። የእኛን የመሰለች ካሚዮን ተጎትታ ስትገባ አየሁ፤ የአንድ ወተት ነጋዴ ናት፣ ባለቤቷ የዚያው ከተማ ሰው። ያችኑ መጽሐፍ በእጁ ይዟል። እኔ ከዚያው ሳልነሣ ሠርተው መለሱለት፤ ሲወጣ እንደተከዝኩ አይቶ ሲጋራ ሰጠኝና «ጋራንሲያ ጥሩ ነገር ነው» አለኝ። አልዋሸም። ለእሱ ጥሩ ነገር ነው፤ ቢጠራ ይሰሙታል። ስለዚህ ከእናንተ መሐል መኪና ለመግዛት የሚያስብ ካለ ዓመቱን አትቁጠር እለዋለሁ። አምስት ዓመትም አሥር ዓመትም ብለው ይጻፉ፣ መጀመሪያ የሚጠግነው ሰው ከደጅህ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ጠይቅ፤ ቀጥለህ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን የሚያነብልህ ፈልግ። እኛ በትልቁ የተጻፈውን ብቻ ነበር ያነበብነው።

እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር። አባቴ የላኩኝ ወደ ፋብሪካው አይደለም፤ ወደ ሰውየው ነው። ዘበኛውን ስለ ኢንጅነር ቤልዶሪ ጠየቅሁት። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ ከከተማው ውጭ ገጠር ነው የሚኖረው አለኝ።

በአውቶቡስ ሄድኩ። ጉሙ ገለጥ ሲል በመስኮት ያየሁትን ልንገራችሁ፦ ፎገራን አየሁ። ለጥ ያለ ሜዳ፣ በሜዳው ላይ የተኛ ውሃ፣ በውሃው መሐል የሚራመዱ ነጫጭ ወፎች። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት «ወንዙ ሞልቶ ነው?» አልኳት። «አይደለም፣ ሪዞ ነው፤ ውሃውን እኛ ነን የምናስገባው» አለችኝ። ሩዝ የሚባለው፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅል እህል ነው። እኛ ሜዳ ላይ ይህ እህል ቢኖር ክረምት አያስፈራንም ነበር ብዬ አሰብኩ።

ኢንጅነር ቤልዶሪ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ መስኮት ሥር ተቀምጧል። ከአባቴ ጥቂት ይበልጣል። መጽሐፏን ከፍቼ ሰማያዊውን ፊርማ አሳየሁት።

«ይህ የእርስዎ ነው?»

መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። ለረጅም ጊዜ አየው። «ፊርማው የእኔ ነው» አለ። «የፈረምኩት ግን አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ማሽን ነው ያባዛው።»

ከየት እንደመጣሁ፣ ካሚዮኗ ምን እንደሆነች ነገርኩት። ቋንቋዬ ሲጎድል በእጄ ሞላሁት። በመጨረሻ «አባቴ በአገራችን ለእርስዎ ዋስ ሆነዋል። ሰዎቹ እርስዎን ስለማያገኙ እሳቸውን ይይዛሉ» አልኩት።

ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ደገምኩት።

«አያውቀኝም እኮ» አለ።

«ስምዎን ያውቃሉ። እጅዎን አኑረዋል።»

ልጁ ይሁን ሠራተኛው ያላወቅኋት ሴት ብቅ ብላ ይበርድሃል አለችው፤ እሱ ግን ብርድ ልብሱን አንሥቶ ሰጣት። ባርኔጣውን አመጣችለት። ምርኩዙን ያዘ። በአውቶቡሱ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ሲወርድ ግን ክንዴን ያዘ፣ እኔም ደገፍኩት።

ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም አወቁት። «ኢንጅነር፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ኢንጅነር፣ አልተለወጡም!» አሉት። ወንበር አመጡለት፣ ቡና አመጡለት። እሱ ቆሞ «ይህ ፊርማ የእኔ ነው፤ ይህ ሰው ጠርቶኝ ነው የመጣሁት» አላቸው። እነሱም እንደ ሕፃን እያባበሉ አዳመጡት። ባለመነጽሩ ሰው ውሃውን ነገረው፣ ቀጥቃጩን ነገረው፣ ጥቃቅኑን ፊደል አነበበለት። ሽማግሌው ሲሰማ ቆየና «ያንን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ እኔ የፈረምኩት ከላይ ያለውን ነው» አለ። ባለመነጽሩ ሰው መጽሐፏን ዘግቶ መለሰልኝ። ካምቢዮ አልተሰጠኝም። በሩ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም አጎንብሼ እጅ ነሣሁት፤ አባቴ ቢኖሩ እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

እሱ ስለጠየቀልኝ እዚያው ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ። ፖሊስ ዘንድም ዋስ ሆነኝ። መጀመሪያ የብረት ፍቅፋቂ እጠርግ ነበር፤ አሁን ማሽን ላይ ነኝ። የምሠራው የካምቢዮ መንኮራኩር ነው። በየቀኑ ጥርሱ ያልረገፈ መንኮራኩር እጄ ላይ ያልፋል፤ ተጭኖ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ሽማግሌው ባለፈው ክረምት አረፈ፤ በቀብሩ ጋቢዬን ለብሼ ቆምኩ።

ለምን አልተመለስክም ትሉኝ ይሆናል። አፈርኩ። ባዶ እጄን ገብቼ አባቴን በሰው ፊት ዳግመኛ ላዋርድ? ከዚያ ሥራው ያዘኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ። በምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ደኅና ነኝ እላለሁ እንጂ ስለ ዋሱ መጻፍ አልሆነልኝም። ናፍቆቱ በምን ይመጣብኛል መሰላችሁ፣ በእርጎ። እዚህም እርጎ አለ፤ ጭስ ግን አይሸትም።

በመጨረሻ ቀን ቆርጬ አባቴና እናቴ ባሕር ዳር ስልክ ቤት እንዲመጡልኝ ጻፍኩ። እዚህ የስልክ አዳራሽ ሄጄ ተራ ይዤ ተቀመጥኩ። መስመሩ እየተቀባበለ በስንት ከተማ አልፎ ሲደርስ መጀመሪያ የሰማሁት የነፋስ ድምፅ ነው። ከዚያ አባቴ ጮኹ፤ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ።

«ይስማው!»

«አቤት አባባ።»

«ድምፅህ ቀጥኗል። ትበላለህ?»

«እበላለሁ።»

«ሰውየውን አገኘኸው?»

«አገኘኋቸው።»

«አላውቅም አለህ?»

«አላሉም። ፊርማው የእኔ ነው አሉ። ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው አብረውኝ ሄዱ። ፋብሪካው ነው ያልሰማቸው።»

«ሰማሽ?» ሲሉ ሰማሁ፤ ለእናቴ ነው።

«ተነሥቷል ማለት ነው» አሉ። «ከተነሣ ሰው ነው። እኔም ለሰው ነው ዋስ የሆንኩ፤ አልተሳሳትኩም።» ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር። «የእነካሴን ነገር ጨርሻለሁ፤ አትጨነቅ። በሬዎቼን ሰጠኋቸው፤ የወንዝ ዳሩንም መሬት እያረሱት ነው። ይኸው ዛሬ ካሴ ራሱ ነው እዚህ ያደረሰን። አያ ፈንቴ ሲጠራ ቀረ ያለ ሰው የለም።»

አለቀስኩ። እንዳይሰሙኝ የስልኩን አፍ በእጄ ሸፈንኩት።

«ካሚዮኗስ?» አልኩ።

«አለች። ዝናብ ሲመጣ ሰው ይጠለልባታል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከሩቅ እየተጣሩ ዝቅ ማለት ከባድ ነው፣ ግን ዝቅ አሉ። «አንድ ዋስትና ግን ይዞኛል ልጄ። እናትህ በየእሑዱ ካሴን ምስክር አድርጋ ትይዘኛለች። ለካሚዮኗ በሬ ነበረኝ፤ ሰጠሁ። ለዚህ ምን ልስጣት?»

ስልኩ ሲንኳኳ ሰማሁ፤ እናቴ ተቀበለቻቸው።

«ይስማው» አለች። «አባትህ እንዳይሰሙብኝ ቶሎ ልንገርህ።» አጠገቧ ቆመዋል፤ ድምፅዋም ስልክ ቤቱን ሞልቶታል። «ዋሴ እኮ አርጅተውብኛል።»

«እመጣለሁ» አልኩ። መስመሩ ሳይቋረጥ ይሁን ከተቋረጠ በኋላ ያልኩት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።